ከመድኃኒቱ በፊት ናሙናው

(በወላይታ ሶዶ በተማሪዎች ኅብረት የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 ዛሬ የምንናገረው በትንንሽ ልጆች ደረት ውስጥ አልፎ አልፎ ስለሚገኝ፤ የሳንባ ነቀርሳን ስለሚመስል፤ ነገር ግን የሳንባ ነቀርሳ ስላልሆነ አንድ በሽታ ነው። «ስንት የተለመደ በሽታ እያለ ስለ ብርቅ በሽታ ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚለን እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም በመጨረሻ እንሰጣለን። አስቀድመን ግን የራሳችንን ጥፋት እንናዘዝ።

ባለፈው ዓመት ለልምምድ በተመደብንበት የሕፃናት ክፍል አንዲት የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ አያቷ አዝለዋት መጡ። ልጅቱ አምስት ወር ሙሉ ስታስል ቆይታለች። በመጀመሪያ የሳንባ ምች ነው ተብሎ ሽሮፕ ተሰጣት፤ ሳሉ አልለቀቃትም። ቀጥሎ አስም ነው ተብሎ የሚነፋ መድኃኒት ታዘዘላት፤ ያም አልረዳትም። በመጨረሻ የሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የነቀርሳ መድኃኒት ከጀመረች ሁለት ወር ሊሞላት ነበር። ሆኖም ልጅቱ የከሳች አልነበረችም። ትበላለች፤ ትጫወታለች፤ ማዳመጫችንንም ከአንገታችን ልትነጥቀን ትታገል ነበር።

እኛም ተራ በተራ ደረቷን አዳመጥን። ታለቅስ ስለ ነበር ፈጠን ፈጠን አልንና በመዝገቡ ላይ «ሁለቱም ሳንባዎች አየር እኩል ያስገባሉ» ብለን ጻፍን። በዚህ ጊዜ አያቷ ከመካከላችን ወላይትኛ ለሚያውቀው ጓደኛችን፤ «ይህች ልጅ የምታፏጨው በቀኝ ጎኗ ብቻ ነው። ሌሊት አቅፌያት ስተኛ አንዱ ጎኗ ያፏጫል፤ ሌላው ዝም ይላል» ብለው ነገሩት። እርሱም ተረጎመልን። እኛ ፈገግ ብለን አለፍነው።

መምህራችን ሲመጡ ግን ልጅቱ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ ጠበቁ። ከዚያም ማዳመጫውን አያቷ ባሉት ጎን ላይ አኖሩት። እውነትም በቀኙ ሳንባ የሚገባው አየር ከግራው ያነሰ ነበር፤ ሲወጣም ያፏጫል። ራጅ ስትነሣ ቀኙ ሳንባ ከልክ በላይ ተነፍቶ ታየ፤ በሳንባው ሥር አጠገብም ያበጠ ንፍፊት ነበረ። መምህራችን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፤ «የነቀርሳው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ምን ናሙና ተወስዶ ነበር?» መዝገቡን አገላበጥነው። ምንም አልተወሰደም።

ልጅቱ ወደ አዲስ አበባ ተላከች። በዚያ ያሉ ሐኪሞች በብሮንኮስኮፕ የአየር ቧንቧዋን ሲመለከቱ ባዕድ ነገር አላገኙም፤ ንፍፊቱ ቧንቧውን ከውጭ ገፍቶ አጥብቦት ነበር። ከዚያ የተወሰደው ናሙና ግን በላቦራቶሪ ምንም ተሕዋስ አላበቀለም። ሁለት ወር የተወሰደ መድኃኒት ማስረጃውን አጥፍቶት ይሆናል። ልጅቱ ቀስ በቀስ ተሻላት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን አያቷ ተመልሰው «የልጄ በሽታ ስሙ ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁን የምንመልሰው አጣን።

«ልጅቱ ከዳነች ስሙ ምን ያደርጋል?» የሚል ቢኖር ስሙ ብዙ ያደርጋል እንላለን። በሽታው የሳንባ ነቀርሳ ከሆነ፤ ትንሽ ልጅን ነቀርሳ የሚይዛት አብዛኛውን ጊዜ በአጠገቧ ከሚኖር ከሚያስል አዋቂ ሰው ነው። እንግዲያው ከዚያ ቤት ወይም ከጎረቤት አንድ ሰው ሳይታወቅ እያሳለ ነው ማለት ነው። እናት፤ አጎት፤ አያቲቱም ራሳቸው መመርመር አለባቸው፤ ታናናሾቿም መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል። በሽታው ብርቁ ከሆነ ግን ምንጩ አፈርና ውሃ ነው፤ ልጅቱም ለማንም አታስተላልፍም። በቤቱ የሚፈለግ ሰው የለም፤ መድኃኒቱ ግን ይለወጣል። ስለዚህ ስሙን አለማወቅ ማለት የሚያስለውን ሰው በጎጆው ውስጥ ትቶ መሄድ፤ ወይም ለአንዲት ልጅ የማይረዳትን መድኃኒት ለብዙ ወራት ማጠጣት ማለት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የበሽታዎቹን ቤተ ዘመድ እንመልከት። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጠራለን። ሐንሰን የተባለው የኖርዌይ ሐኪም በ1873 የሥጋ ደዌን ተሕዋስ አገኘ። ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ በበርሊን ለሊቃውንት አሳየ። እነዚህ ሁለቱ ማይኮባክቴሪያ የሚባለው ቤተ ሰብ ታላላቆች ናቸው። ይሁን እንጂ ቤተ ሰቡ ሰፊ ነው፤ ዛሬ ወደ 200 የሚጠጉ ዓይነቶች ይታወቃሉ። አብዛኞቹ በአፈር፤ በወንዝ፤ በኩሬና በውሃ ቧንቧ ውስጥ በሰላም የሚኖሩ ናቸው። ራንየን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1950ዎቹ ዓመታት በአበቃቀላቸው ፍጥነትና በሚያወጡት ቀለም በአራት ክፍል መደባቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ፤ በተለይም ማይኮባክቴሪየም አቪየም የሚባለው ወገን፤ አልፎ አልፎ ጤነኛ የሆነ ትንሽ ልጅ ላይ በሽታ ያመጣሉ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡት በአንገት በአንዱ ወገን ብቻ የሚወጣ፤ ብዙም የማያም ንፍፊት ነው። ከዚያ እጅግ ባነሰ ጊዜ ግን ንፍፊቱ በደረት ውስጥ፤ በአየር ቧንቧው ጥግ ያብጣል፤ ቧንቧውን ይጫነዋል፤ አንዳንዴም በስቶት ወደ ውስጥ ይገባል። ቧንቧው ሲጠብ አየሩ ይገባል እንጂ በደኅና አይወጣም፤ ሳንባው እንደ ፊኛ ይነፋል። ጨርሶ ሲዘጋ ደግሞ ሳንባው ይሟሽሻል። በአንድ ጎን ብቻ የሚሰማው ፉጨት ከዚህ የመጣ ነው። አያቲቱ በሌሊት የሰሙት ይህንኑ ነበር።

ከአፈር የሚመጣ ነገር ለወላይታ ሰው እንግዳ አይደለም። በቀዩ አፈራችን ላይ በባዶ እግር የሚሄዱ ብዙ ወገኖቻችን እግራቸው ያብጣል። ይህን በሽታ ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ እርግማን ነው ሲለው ኖሯል፤ ተላላፊም ይመስለው ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ፕራይስ ግን በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት በ1970ዎቹ ምክንያቱ ተሕዋስ ሳይሆን በእግር ቆዳ የሚገባ የአፈር ብናኝ መሆኑን አስረዳ። የእግሩ በሽታና የደረቱ በሽታ አንድ አይደሉም። ያነሣነው ትምህርቱ አንድ ስለ ሆነ ነው፤ ይኸውም መንስኤውን በስሙ መጥራት ሰውን ከሐሜትና ከፍርሃት ያድናል።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንምጣ። በየጤና ጣቢያው የምንመደብ ሁሉ የሚከተሉትን ብናስታውስ ይበቃናል።

አንደኛ፤ ዕድሜ ነው። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ዋናው ነው።

ሁለተኛ፤ በአንድ ጎን ብቻ የሚሰማ፤ ሳምንታት አልፈውት የማይለቅ ፉጨት ወይም ሳል። አስም በሁለቱም ጎን ያፏጫል፤ ይመጣል ይሄዳል፤ በሚነፋው መድኃኒትም ይቀላል። ይህ ግን አይቀልም።

ሦስተኛ፤ የልጁ ጤና በጠቅላላው ደኅና መሆን። ክብደቱ አይወርድም፤ ትኩሳት የለውም ወይም ትንሽ ነው።

አራተኛ፤ በቤቱም በጎረቤቱም የሚያስል ሰው ተፈልጎ መታጣት።

አምስተኛ፤ በራጅ ላይ በሳንባ ሥር ያበጠ ንፍፊት፤ ከእርሱም ጋር የአንድ ሳንባ መነፋት ወይም መሟሸሽ።

ስድስተኛ፤ የላቦራቶሪው ቃል እርስ በርሱ አለመስማማት። በማይክሮስኮፕ ቀይ ሆኖ የሚታየው ተሕዋስ የየትኛው ዘመድ እንደ ሆነ ማይክሮስኮፑ አይነግረንም፤ ሁሉም አንድ መልክ አላቸው። ከ2010 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት እንዲሠራበት የመከረው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ግን የሚፈልገው የነቀርሳን ወገን ብቻ ነው። ማይክሮስኮፑ «አለ» ብሎ ጂን ኤክስፐርቱ «የለም» ካለ ሌላ ዘመድ ሊኖር ይችላልና መጠርጠር ይገባል።

ነገር ግን ጓደኞቻችን፤ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከእነዚህ ምልክቶች የመጀመሪያዎቹ አምስቱ በእውነተኛው የሳንባ ነቀርሳም ይታያሉ። ነቀርሳ የያዘው ልጅ ሁሉ አይከሳም፤ የሚያስለው ሰውም ሁልጊዜ አይገኝም። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ብዙ ነው፤ ብርቁ ዘመድ ጥቂት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ሲገጥመን አስቀድመን የምናስበው ነቀርሳን ነው። ብርቁን በሽታ አጥንተናል ብለን የታመመን ልጅ ያለ ነቀርሳ መድኃኒት የምናቆይ ከሆነ ዕውቀታችን ጥፋት ይሆናል። ሌላም ነገር አለ፤ ልጁ ደኅና ሳለ በድንገት ትን ብሎት ከዚያ ወዲህ ማፏጨት ከጀመረ የበቆሎ ፍሬ ወይም ባቄላ ወደ ቧንቧው ገብቶ ይሆናል። ይህ ለነገ የማይባል ነው፤ ወዲያውኑ ወደሚያወጡለት ሐኪም መላክ አለበት።

ታዲያ ነቀርሳንም ሳናዘገይ፤ ብርቁንም ሳንስት እንዴት እንሥራ? መልሱ በንግግራችን ርእስ ላይ ነው። ናሙናው ከመድኃኒቱ በፊት ይወሰድ። ብዙ ቀን በፊት አላልንም፤ ናሙናው በጠዋት ቢወሰድ መድኃኒቱ በዚያው ቀን ሊጀመር ይችላል። የጠፋብን የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር፤ ያን አንድ ጠዋት ኋላ በምንም አልገዛነውም።

ትንሽ ልጅ አክታ አይተፋም፤ ይውጠዋል እንጂ። ስለዚህ ናሙናው በጠዋት ልጁ ምግብ ሳይቀምስ በቀጭን ቱቦ ከጨጓራው ይቀዳል። የዓይነ ምድር ምርመራም አለ፤ ለዚህም በአገራችን የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከኔዘርላንድ የነቀርሳ ድርጅት ጋር ሆኖ ብዙ ዕቃ የማይጠይቅ ቀላል ዘዴ አውጥቷል። ይህ ለገጠር ልጅ ትልቅ በረከት ነው፤ ቱቦ የለም፤ ለቅሶ የለም። ሆኖም ሁለት ነገር እናስታውስ። መጀመሪያ፤ በልጅ ሰውነት ውስጥ የነቀርሳ ተሕዋስ ጥቂት ስለ ሆነ «የለም» የሚለው መልስ ነቀርሳ የለም ማለት አይደለም። ሁለተኛ፤ ጂን ኤክስፐርት ስለ ብርቁ ዘመድ አይነግረንም። እርሱን የሚያሳየን ካልቸር ማለት ተሕዋሱን በላቦራቶሪ ማብቀል ነው። ይህ ሳምንታት ይፈጃል፤ የሚሠራባቸውም ላቦራቶሪዎች ጥቂት ናቸው።

ካልቸሩ ብርቁን ዘመድ ቢያበቅልም ወዲያውኑ አገኘነው ብለን አንደሰት። እነዚህ ተሕዋስያን በመጠጥ ውሃ ውስጥ አሉና ልጁ የጠጣው ውሃ ወይም ቱቦው የታጠበበት የቧንቧ ውሃ በናሙናው ላይ ሊጨምራቸው ይችላል። ስለዚህ ቱቦው በንጹሕ የሕክምና ውሃ ብቻ ይታጠብ፤ ናሙናውም ይደገም። ያው ተሕዋስ ደግሞ ከታየ፤ ወይም ከንፍፊቱ ከራሱ ከተወሰደ ቁራጭ ከበቀለ፤ ያን ጊዜ ቃሉ ይታመናል።

መድኃኒት ተጀምሮ ልጁ ባይሻለውስ? በዚህም ጊዜ ለፍርድ አንቸኩል። በእውነተኛ ነቀርሳ ሕክምናው እየሠራ ሳለ የሰውነት ኃይል ሲመለስ ንፍፊቱ ለጊዜው ሊያብጥ ይችላል። መድኃኒቱ በትክክል መወሰዱን፤ መጠኑም በልጁ ክብደት መሆኑን እንመርምር። መድኃኒት የለመደ ነቀርሳም ሊሆን ይችላል። ከላም የሚመጣውን የነቀርሳ ዓይነትም አንርሳ፤ በገጠር ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩበት ቤት ብዙ ነው፤ ወተትም ሳይፈላ ይጠጣል። ይህ ዓይነት ነቀርሳ በሰው ላይ ጥቂት ቢሆንም፤ ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፒራዚናማይድ በተፈጥሮው አይሠራበትም፤ ጂን ኤክስፐርትም ከሌላው ነቀርሳ አይለየውም። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ ከብርቆቹ ዘመዶች አንዳንዶቹ ሪፋምፒሲን ለሚባለው የነቀርሳ መድኃኒት ይሸነፋሉ። ስለዚህ ልጁ በነቀርሳ መድኃኒት ዳነ ማለት በሽታው ነቀርሳ ነበረ ማለት አይደለም። ስለዚህም አያቷን «ነቀርሳ ነበር» ብለን ልናጽናናቸው አልደፈርንም።

አቪየም የሚባለው ወገን ሲረጋገጥ ሕክምናው ሌላ ነው። አይሶናያዚድና ፒራዚናማይድ ብዙም አይነኩትም፤ ክላሪትሮማይሲን ወይም አዚትሮማይሲን ከሌሎች ጋር ተጣምሮ ለብዙ ወራት ይሰጣል። አንዳንዱ ልጅ ንፍፊቱን በማውጣት ይድናል። ይህን የሚወስነው ልምድ ያለው ሐኪም ነው፤ የእኛ ድርሻ ጠርጥሮ በጊዜ መላክ ነው።

«ጤነኛ ልጅ» ስንልም እንጠንቀቅ። ጤነኛ የሚመስለው ልጅ የተደበቀ ድካም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የኤች አይ ቪ ምርመራ ሊታለፍ አይገባም። ቀጥሎ የቢሲጂ ክትባቱ ቁስል እንዴት እንደ ዳነ፤ ከክትባት በኋላ በጽኑ የታመመ ወይም የሞተ ወንድም ወይም እኅት መኖሩን እንጠይቅ። በ1996 በማልታና በቱኒዚያ ልጆች ላይ በተደረጉ ሁለት ጥናቶች፤ ከወላጆች በወረሱት ጉድለት ምክንያት ደካማ የሆኑ ማይኮባክቴሪያ ወይም የክትባቱ ተሕዋስ ራሱ የሚጥላቸው ልጆች እንዳሉ ታወቀ። የማልታውን ጥናት የመራችው ሜላኒ ኒውፖርት ከብዙ ዓመት በኋላ ከኢትዮጵያዊው ፋሲል ተኮላ አየለና ከሌሎች ጋር ሆና የወላይታን እግር በሽታ አጥንታለች፤ በ2012 ባወጡት ጽሑፍም ለዚያ በሽታ የሚያጋልጥ የዘር ምክንያት መኖሩን አሳዩ። በአንድ አፈር ላይ ከሚሄዱት አንዱ ታሞ ሌላው የማይታመምበት ምክንያት ከአፈሩ ብቻ ሳይሆን ከሰውየውም እንደ ሆነ ከዚህ እንማራለን።

ብርቁ በሽታ በእኛ ዘንድ ብርቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ክትባት ሳይሆን አይቀርም። ቢሲጂን ካልሜትና ጌረን የተባሉ ፈረንሳውያን ለ13 ዓመት ደክመው አዘጋጁት፤ በ1921ም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን ተሰጠ። ስዊድን በ1975 ለሕፃናት ሁሉ መስጠቱን ስታቆም በልጆች አንገት ላይ የሚወጣው ብርቅ ንፍፊት በዛ፤ ፊንላንድም በ2006 ስታቆም እንዲሁ ሆነ። በአገራችን የክትባት ዘመቻው በ1980 ከተጀመረ ወዲህ ቢሲጂ ለተወለደ ሕፃን ሁሉ የሚገባው ነው። እንግዲህ በቀበሌው እየዞረች ልጆች እንዲከተቡ የምታደርገው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በስሙ የማታውቀውንም በሽታ ትከላከላለች።

መጀመሪያ ላይ ለተነሣው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ቃል ገብተን ነበር። ስለ ብርቅ በሽታ ማውራት የሚጠቅመው ብርቁን ለማወቅ የሚያስፈልገው ሥራ የተለመደውንም በሽታ ለማወቅ የሚያስፈልግ ስለ ሆነ ነው። ሁለቱን ጎን በትዕግሥት ማዳመጥ፤ የቤቱን ሰው ሁሉ መጠየቅ፤ ናሙና ወስዶ መድኃኒት መጀመር፤ ልጁን ጠርቶ መልሶ ማየት፤ ከእነዚህ ውስጥ ለብርቅ በሽታ ብቻ የሚደረግ አንድም የለም። እኒህን የሚያደርግ ሰው ነቀርሳውን ያገኛል፤ ከመቶ አንድ ጊዜም ቢሆን ሌላው ሲመጣ አይስተውም። እኒህን የማያደርግ ግን መጽሐፉን በቃሉ ቢወጣውም ሁለቱንም ያጣል።

አዲስ አበባ ከሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከሁምቦ ቆላ ወይም ከኪንዶ ለሚመጣ ገበሬ ሶዶ ራሱ ሩቅ ነው፤ ለመሳፈሪያው በግ ሸጦ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ልጅ ወደ ላይ የሚላከው ናሙናው በእጅ፤ ታሪኩም በመዝገብ ተጽፎ እንጂ ባዶውን መሆን የለበትም። ብሮንኮስኮፕ የለንም ብለን እናዝን ይሆናል፤ የምናዝንበትም በቂ ምክንያት አለ። ነገር ግን በዚያች ልጅ ላይ የጎደለው ብሮንኮስኮፕ አልነበረም። የጎደለው አንድ ቱቦ፤ አንድ ብልቃጥና አንድ ጠዋት ነበር። ከእኛ በኩል ደግሞ የጎደለው አያቷን መስማት ነበር።

እንግዲህ በዚህ አዳራሽ ያለን ተማሪዎች ሦስት ነገር ብንስማማ መልካም ነው። ልጅ ሲያለቅስ ሳናዳምጥ «እኩል ነው» ብለን አንጽፍ። ልጅን አቅፎ የሚያድር ሰው ስለ ልጁ የሚናገረውን፤ በማናቸውም ቋንቋ ቢናገረው፤ በመዝገብ እናስፍር። የነቀርሳ መድኃኒት ለልጅ ከመታዘዙ በፊት «ናሙናውስ?» ብለን ለመጠየቅ አንፈር። መምህራኖቻችንም ይህን ጥያቄ ከተማሪ ሲሰሙ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብን በትሕትና እንለምናለን፤ የተማርነው ከእነርሱው ነውና።

አያቲቱ ባለፈው ጊዜ ልጅቱን ለቀጠሮ ይዘዋት መጥተው ነበር። ቀኝ ጎኗ አሁን አያፏጭም። እርሳቸውም ይህን ከማዳመጫችን በፊት ነገሩን፤ እኛም በዚህ ጊዜ ጻፍነው።